የጥቁሩ ዕጢ ታሪክ

ሜላኖማ ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን ከሚያመርቱ ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው። ከሌሎቹ የተለመዱ የቆዳ ካንሰሮች ጋር ሲነጻጸር የሚይዛቸው ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም በገዳይነቱ ግን ይበልጣቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ 330 ሺህ ያህል ሰዎች አዲስ እንደተያዙ፣ 58 ሺህ ያህል ደግሞ እንደሞቱበት ተገምቷል። አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ወይም በሳንባ ውስጥ ተደብቆ አያድግም፤ ዓይን እያየው፣ ቆዳ ላይ ሆኖ ነው የሚያድገው። እንዲህ ያለ በሽታ ቶሎ ይታወቃል፣ ቶሎም ይድናል ተብሎ ይጠበቃል። ታሪኩ ግን እንዲያ አልሆነም።

በሽታው ጥንታዊ ነው። በፔሩ ከተገኙና 2,400 ዓመት ገደማ ካስቆጠሩ በድን አካላት በአንዳንዶቹ ቆዳና አጥንት ላይ የሜላኖማ ምልክት መታየቱ በ1966 ተዘግቧል። የጥንት ግሪክ ሐኪሞችም ገዳይ ስለሆኑ ጥቁር ዕጢዎች ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ መቶ ዓመታት በሽታው ራሱን ችሎ ስም አልወጣለትም፤ ከልዩ ልዩ እባጭና ቁስል ጋር ተቀላቅሎ ቆየ።

ለዛሬው ዕውቀት መነሻ የሚሆነው የመጀመሪያው ተጨባጭ ማስረጃ በለንደን ይገኛል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር በ1787 ከአንድ የ35 ዓመት ሰው መንጋጋ ማዕዘን በስተኋላ፣ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ተመልሶ የበቀለ ዕጢ አወጣ። የዕጢው ከፊል ለስላሳና ጥቁር ነበር። ሀንተር ምን እንደሆነ ባያውቅም አልጣለውም፤ በፈሳሽ ውስጥ አኑሮ ለስብስቡ ጨመረው። ስብስቡ የተቀመጠበት የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሙዚየም በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድቦ አብዛኛው ንብረቱ ሲወድም ይህ ናሙና ተረፈ። በ1968 በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ሜላኖማ መሆኑ ተረጋገጠ። ሐኪሙ ያልገባውን ነገር በጥንቃቄ ማስቀመጡ ከ180 ዓመት በኋላ ጠቀመ ማለት ነው።

በሽታውን ከሌላው ለይቶ ያወቀው ግን ፈረንሳዊው ሬኔ ላኤኔክ ነው፤ በኋላ በ1816 የሐኪም ማዳመጫን የፈለሰፈው ማለት ነው። ገና ተማሪ ሳለ በ1804 በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ፊት ቀርቦ፣ በሳንባና በሌላ አካል የሚገኙት ጥቁር ዕጢዎች ከጢስና ከከሰል የሚመጣ ጥቁረት እንዳልሆኑ፣ ራሱን የቻለ በሽታ መሆናቸውን አስረዳ። ጥናቱ በ1806 ታትሟል። መምህሩ ዱፒዩትሬን ግን ሐሳቡ የእኔ ነው በማለት ተቆጣ፤ ተማሪውም የሚገባውን ያህል አላመሰገነኝም ብሎ ከሰሰው። በሽታው በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የገባው እንዲህ በመምህርና በተማሪ ጭቅጭቅ ታጅቦ ነው። ሜላኖማ የሚለውን ስም ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ሮበርት ካርስዌል ሲሆን ዘመኑም 1838 ነው።

ከእነዚህ የከተማ ሊቃውንት ይልቅ ትልቁን ነገር ያስተዋለው አንድ የገጠር ሐኪም ነበር። ዊልያም ኖሪስ በእንግሊዝ ስቱርብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራ ነበር። በ1820 ስለ አንድ የ59 ዓመት ታማሚ ሲጽፍ፣ ዕጢው በሆዱ ላይ ከነበረ ጥቁር ነጥብ መነሣቱን ካስረዳ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ዞረ። የሰውየው አባት ከዓመታት በፊት በተመሳሳይ በሽታ ሞቷል፤ በወንድሞቹና በልጆቹ ገላ ላይም ብዙ ጥቁር ነጥቦች አሉ። ኖሪስ ከዚህ ተነሥቶ በሽታው በዘር ሊወረስ እንደሚችል ገመተ፤ በ1857ም ስምንት ታማሚዎችን ሰብስቦ ምልከታውን አጠናከረ። የዘር ውርስ ሕግ ገና ባልታወቀበት ዘመን ነው ይህን ያለው። በአንዳንድ ቤተሰቦች ሜላኖማን የሚያወርደው የዘረ መል ጉድለት በቤተ ሙከራ የተለየው በ1994 ነው።

ስለ ሕክምናው የተባለው ሁሉ ለረጅም ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ኩፐር በ1840 በሽታው ከተሰራጨ መድኃኒት እንደሌለው፣ ያለው ብቸኛ ተስፋ ቶሎ ቆርጦ ማውጣት መሆኑን ጻፈ። ቶሎ ማለት መቼ ነው? ምን ያህልስ ይቆረጥ? ለዚህ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። በ1907 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ሳምፕሰን ሀንድሊ የአንዲት ታማሚን አስከሬን መርምሮ፣ ካንሰሩ በቆዳ ሥር ባሉት ቀጫጭን የሊምፍ መስመሮች ዙሪያውን እንደሚስፋፋ ደመደመ። ስለዚህ ዕጢው ከነዙሪያው በሰፊው እንዲቆረጥ፣ በብብት ወይም በብሽሽት ያሉት ንፍፊቶችም አብረው እንዲወጡ መከረ። ምክሩ በኋላ አምስት ሴንቲሜትር ዙሪያውን መቁረጥ የሚል ደንብ ሆኖ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ። የስንቱ ሰው ጭንና ክንድ በዚህ ደንብ ጎደጎደ፣ በሌላ ቆዳ ተለጠፈ፤ ንፍፊቱ የወጣለትም ብዙ ሰው እድሜ ልኩን በሚያብጥ እግር ሄደ። የደንቡ መሠረት የአንድ ሰው አስከሬን ብቻ መሆኑን መለስ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

መልሱ የመጣው ከቢላዋ ሳይሆን ከማይክሮስኮፕ ነው። በዋሽንግተን የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓቶሎጂስት የነበረው አሌክሳንደር ብሬስሎው በማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ ባለ ትንሽ መለኪያ፣ ከቆዳው ላይኛ ንብርብር አንሥቶ እስከ መጨረሻዋ የካንሰር ሕዋስ ድረስ ያለውን ጥልቀት ለካ። በ1970 የ98 ታማሚዎችን ልኬት ሲያሳትም ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ዕጢያቸው ከ0.76 ሚሊሜትር በታች ከነበረው መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው የተመለሰበት ወይም የተሰራጨበት አልነበረም። ይህ ሰባት ወይም ስምንት ገጽ ወረቀት ተደራርቦ የሚኖረውን ውፍረት ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ታማሚ ምርመራው ሲመለስለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥር ይኸው ሆኗል። አሠራሩ ቀላል፣ ወጪውም ትንሽ ስለነበረ በየትም አገር ሊደገም ቻለ። በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ግኝቶች ሁሉ ርካሹም ጠቃሚውም ምናልባት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ቢላዋው እየጠበበ ሄደ። በ1988 በኡምቤርቶ ቬሮኔዚ የሚመራው የሚላኖ ቡድን 612 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለቀጫጭን ዕጢዎች አንድ ሴንቲሜትር ዙሪያውን መቁረጥ ሦስት ሴንቲሜትር ከመቁረጥ እንደማያንስ አሳየ። በ1992 አሜሪካዊው ዶናልድ ሞርተን ሰማያዊ ቀለም በዕጢው ዙሪያ በመርፌ አስገብቶ፣ ቀለሙ መጀመሪያ የሚደርስበትን አንድ ንፍፊት ብቻ አውጥቶ መመርመር እንደሚቻል አስተማረ፤ እሱ ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹ አይነኩም። በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያው ንፍፊት ካንሰር ቢገኝ እንኳ ቀሪዎቹን ሁሉ ማውጣት እድሜ እንደማያረዝም አረጋገጠ።

ስለ መንሥኤው የተደረሰበት ዕውቀት መንገዱ ሌላ ነው፤ የተጀመረው በሆስፒታል ሳይሆን በሞት መዝገብ ነው። አውስትራሊያዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሄንሪ ላንካስተር በ1956 የአውሮፓ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ሞት በየአገሩ ሲያነጻጽር፣ ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር በሜላኖማ የሚሞተው እንደሚበዛ አስተዋለ። በራሷ በአውስትራሊያም ሞቃታማዋ ኩዊንስላንድ ከደቡቦቹ ግዛቶች ትከፋለች። ጥፋተኛዋ ፀሐይ መሆኗ ታወቀ። በ1981 የቪክቶሪያ የካንሰር ምክር ቤት ልብስ ልበሱ፣ ቅባት ተቀቡ፣ ባርኔጣ አድርጉ የሚል የቴሌቪዥን ዘመቻ ጀመረ፤ መልእክቱን በዜማ የሚያቀርበው በካርቱን የተሣለ የባሕር ወፍ ነበር። ቅባቱ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ የተፈተነው ቆይቶ ነው። በኩዊንስላንድ ናምቡር በ1992 የተጀመረው ጥናት 1,621 ነዋሪዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ዘመኑ አልፎ ሲቆጠር በየቀኑ እንዲቀቡ ከተደረጉት 11፣ እንደፈለጉ ከተተዉት ደግሞ 22 ሰዎች በሜላኖማ ተይዘው ተገኙ። አርቲፊሻል ጨረር በሚሰጥ አልጋ ተኝቶ ቆዳን ማጥቆር የነጮቹ ፋሽን ሆኖ ቆይቶ፣ በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው፤ ብራዚል በዚያው ዓመት ከለከለችው።

ይህ የፀሐይ ታሪክ እውነት ነው፤ ግን የነጭ ቆዳ ታሪክ ነው። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይሆናል፤ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ምልክቱ ለሳይንስ እንግዳ አልነበረም። የእንግሊዙ ሐኪም ጆናታን ሀቺንሰን በ1886 ከጥፍር ሥር ተነሥቶ ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚፈስ ጥቁረት የዚህ ካንሰር ምልክት መሆኑን ጽፎ ነበር። በጎረቤት ሱዳን ይሠራ የነበረው ሂወር የተባለ ተመራማሪ በ1935 በጥቁሮች ላይ የሚታየውን ሜላኖማ አጥንቶ በባዶ እግር ሲሄዱ የሚደርሰው ጉዳት ድርሻ እንዳለው ለማጣራት ሞከረ። በ1967 ደግሞ ከኡጋንዳ በውስጥ እግር ስለሚወጣው ሜላኖማ ጥናት ታተመ። ሆኖም ይህ ዓይነት በፓቶሎጂ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው በ1976 ነው። የጉዳቱ ነገር እስከ ዛሬ ክርክር አላጣም፤ የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት የውስጥ እግር ክፍል እንደሚበዛ ግን በኋላ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ታሪክ ዋናው ባለጉዳይ ቦብ ማርሌ ነው። በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ያለው ቁስል አልድን አለው፤ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ ነው ተብሎ ቆይቶ ነበር። ምርመራው ከጥፍር ሥር የወጣ ሜላኖማ መሆኑን አሳየ። ሐኪሞች ጣቱ ይቆረጥ ሲሉት አልተቀበለም፤ ለዚህ ምክንያቱ የራስታ እምነቱ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ጥፍሩና በሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ ከሌላ ቦታ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። በ1978 ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን ሲጎበኝ በሽታው ውስጡ ነበረ። በመስከረም 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ካንሰሩ አንጎሉ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር በአቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ ግንቦት 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ማያሚ ውስጥ አረፈ። በ2005 ስድሳኛ ዓመት ልደቱ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሲከበር ስለ ዘፈኑ ብዙ ተባለ፤ ስለገደለው በሽታ ግን የሰማ ጥቂት ነው። ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ ስለ ጥቁር ሰው እግር ለማስተማር ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ አይገኝምና።

በአሜሪካ ሜላኖማ ከጥቁሮች ይልቅ ነጮችን ከ20 እጥፍ በላይ ይይዛል፤ ከተያዙት መካከል አምስት ዓመት የሚኖሩት ግን ከነጮቹ 94 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ ከጥቁሮቹ 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ዘግይቶ መምጣት ነው። ጥቁር ሰው ይህ በሽታ አይነካውም የሚለው እምነት ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም ያዘናጋል። በ1985 በኒው ዮርክ የተዘጋጀው መለያ፣ ማለትም ቅርጹ የተዛባ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ስፋቱ ከስድስት ሚሊሜትር የበለጠ ነጥብ ይታይ የሚለው፣ ለገላ ጠቃሚ ቢሆንም ለጥፍር ብዙ አይሠራም። በጥቁር ሰው ብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታይ ቀጭን ጥቁር መስመር የተለመደና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው። አሳሳቢው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወይም ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን የሚያጠቁር መስመር ነው። እንሶስላ የምትሞቅ ሴት ደግሞ ቀለሙ ሁሉን ስለሚሸፍነው ከመሞቋ በፊት ጥፍሯንና ውስጥ እግሯን ብታይ ይበጃታል።

ለተሰራጨ ሜላኖማ መድኃኒት ፍለጋው ረጅምና ተስፋ አስቆራጭ ነበር። በ1975 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳካርባዚን የተባለ ኬሞቴራፒ ለሠላሳ ዓመት ያህል ዋናው መድኃኒት ሆኖ ሲቆይ ጥቂቶችን ለጥቂት ጊዜ ከመርዳት አላለፈም። የተሰራጨበት ታማሚ በአማካይ ዓመት አይሞላም ነበር። አልፎ አልፎ ግን ዕጢው በራሱ ጊዜ የሚጠፋለት ሰው ይታይ ስለነበር፣ ሰውነት ራሱ ይህን ካንሰር ሊዋጋ ይችላል የሚል ግምት አልሞተም። በ1984 አሜሪካዊው ሐኪም ስቲቨን ሮዘንበርግ ኢንተርሊውኪን 2 በተባለ ንጥረ ነገር ያከማት አንዲት የባሕር ኃይል መኮንን ከተሰራጨ ሜላኖማ ዳነች፤ ሕክምናው ግን በራሱ አደገኛ፣ የሚጠቅመውም ለጥቂቱ ነበር።

በሩ የተከፈተው በ2011 ነው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን የሚገታ ፕሮቲን መኖሩን፣ እሱን ማገድም ሕዋሳቱን ለውጊያ እንደሚለቃቸው በአይጥ ላይ ካሳየ 15 ዓመት በኋላ፣ በዚያ ሐሳብ የተሠራው ኢፒሊሙማብ ተፈቀደ። በ2002 የተገኘውን ቢራፍ የተባለ የዘረ መል ለውጥ የሚያጠቃ ክኒንም በዚያው በ2011 ወጣ። በ2014 ደግሞ ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ባገኘው ሌላ ፕሮቲን ላይ የተመሠረቱት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ተከተሉ። አሊሰንና ሆንጆ በ2018 ኖቤል ተሸለሙ። ኢፒሊሙማብንና ኒቮሉማብን አጣምረው ከወሰዱ የተሰራጨ ሜላኖማ ታማሚዎች 43 ከመቶ ያህሉ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት መገኘታቸው በ2024 ታትሟል። በኢትዮጵያ በጊኒ ዎርምና በትራኮማ ዘመቻዎች ስሙ የሚታወቀው ጂሚ ካርተር በነሐሴ 2015 ሜላኖማ ጉበቱና አንጎሉ መድረሱን አስታወቀ፤ ያን ጊዜ 90 ዓመቱ ነበር። በፔምብሮሊዙማብና በጨረር ታክሞ በታኅሣሥ ምልክቱ እንደጠፋ ተናገረ፤ ያረፈውም በ2024 መጨረሻ በመቶ ዓመቱ ነው።

የታማሚዎች መደጋገፍ ታሪክ ዘግይቶ የተጀመረው ለረጅም ጊዜ የሚያድን መድኃኒት ስላልነበረ ነው፤ ከተሰራጨው በሽታ ተርፎ ሌላውን የሚያጽናና ሰው ብዙ አልነበረም። በካሊፎርኒያ ፋውዚ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ለሜላኖማ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 68 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ከሰባት እስከ አሥር እየሆኑ ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ፤ ስለ በሽታው ተማሩ፣ ጭንቀትን ማርገብ ተለማመዱ፣ ፍርሃታቸውን አወሩ። በ1993 ውጤቱ ሲወጣ ከተሰባሰቡት 34 ሰዎች ሦስት፣ ካልተሰባሰቡት 34 ደግሞ አሥር ሞተው ነበር። ዜናው ብዙ አነጋገረ። አሥር ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ቀነሰ፤ በዴንማርክ በ2007 በብዙ ሰው ላይ የተደገመው ጥናትም እድሜ የመጨመር ውጤት አላገኘም። ቡድኑ ጭንቀትን እንደሚቀንስ ግን ታይቷል፤ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። በ2016 በአውስትራሊያ በ164 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍና ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሦስት የስልክ ንግግር በሽታው ይመለስብኛል የሚለውን ፍርሃት እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ይህ ፍርሃት ከዳኑት አብዛኞቹን የሚከተል ነው። በዚህ መካከል በ1996 በአሜሪካ፣ በ2006 በአውስትራሊያ በታማሚዎችና በቤተሰቦቻቸው የተቋቋሙ የሜላኖማ ማኅበራት ለምርምር ገንዘብ ያሰባስቡ፣ ለአዲስ ታማሚም የቆየ ታማሚ ያገናኙ ጀመር።

በኢትዮጵያ ለሜላኖማ ብቻ የቆመ ስብስብ ሳይሆን ጠቅላላ የካንሰር ማኅበር ነው ያለው። ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማደሪያ ለሚያጡ ታማሚዎች መጠለያ በመስጠት ይታወቃል። መጠለያው ትንሽ ነገር አይደለም፤ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ተራ የሚጠብቅ ሰው አዲስ አበባ ላይ ወራት መክረም ነበረበት። ከዚያ ውጭ ያለው ድጋፍ የቤተሰብና የጎረቤት ጥየቃ ነው። ጥየቃው ሙቀት አለው፤ ችግሩ ከቤተሰቡ ውስጥ አንዱ ሐኪሙን ወደ ጎን ጠርቶ ለታማሚው እንዳይነገረው ብሎ የሚማጸንበት ልማድ ነው። ያልተነገረው ታማሚ ንፍፊቱን ራሱ መዳሰስ፣ ቀጠሮውን ማክበር፣ እንደ እሱ የታመመ ሰው መፈለግ አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ኒቮሉማብንና ፔምብሮሊዙማብን ለሜላኖማ አስፈላጊ ከሆኑ መድኃኒቶች ዝርዝር ቢያስገባም ዋጋቸው የአብዛኛውን አፍሪካዊ ታማሚ አቅም ያልፋል። በሌላ በኩል ቀጭኑን ሜላኖማ አደንዝዞ ከነዙሪያው ማውጣት አንድ ቀዶ ሐኪም ያለበት የክልል ሆስፒታል ሊሠራው የሚችል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የተቆረጠውን ወስዶ ውፍረቱን የሚለካው ፓቶሎጂስት ነው። ስለዚህ ለዚህ በሽታ የሚመደበው የመጀመሪያ ብር መዋል ያለበት ለውዱ መርፌ ሳይሆን ለፓቶሎጂ ላቦራቶሪው ነው።